ሁለተኛ ድምፅ

የእህቴን ድምፅ ያልሰማ ሰው ምን እንደቀረበት አያውቅም፤ የእኔን ያልሰማ ግን ፈጣሪውን ያመስግን። እኔ ስዘምር የአዋሳ ሐይቅ ጉማሬዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ከከተማው ወጣ ወዳለው ቡሹሎ ይሰደዱ ነበር። እሷ ደግሞ በድብቅ በምንሰበሰብበት ቤት የመዘምራኑ ሁለተኛ ድምፅ ነበረች። ለማያውቅ ልንገር፦ አንደኛ ድምፅ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ዜማ ይይዛል፤ ሁለተኛው ከሥሩ ገብቶ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ይህን እኛ «ድምፅ መክፈል» እንለዋለን። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትከፍል ስላደገች፣ ዋናውን ዜማ ለብቻሽ አውጪው ቢሏት ገበያ መሀል እናቷ እንደጠፋችባት ሕፃን ትደናገር ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ፣ በየቤቱ በር ዘግተን በሹክሹክታ እንዘምራለን። አንዳንዴ እግዜር ራሱ «ምን አላችሁ?» ሳይል አይቀርም። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ መናኸሪያው አጠገብ መዘምራኑ የተሰበሰቡበትን ቤት አብዮት ጠባቂዎች ከበቡና ያገኙትን ሁሉ ለቅመው ወሰዱ። እህቴም አብራ ተወሰደች። እኔ መዘምራኑ ስለማያስጠጉኝ ተረፍኩ። መጥፎ ድምፅ ሰውን ከእስር ሲያድን በዓለም ላይ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ያሰሯቸው በቀበሌው የእህል መጋዘን ነው። እናቴ ቆጮና ጎመን ትቋጥራለች፤ እኔ አደርሳለሁ፤ ዘበኛው ቆጮው ውስጥ መትረየስ ያለ ይመስል በእንጨት ይወጋጋል። ገብቶ መጠየቅ አይፈቀድም። ስለዚህ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እቆማለሁ። ከሰዓት በኋላ እስረኞቹን አሰልፈው የአብዮት መዝሙር ያዘምሯቸዋል። አንድ ቀን እንዲሁ ቆሜ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ በራሱ መንገድ ሲሄድ ሰማሁ። እህቴ የአብዮቱን መዝሙር እየከፈለችው ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አስቆማቸው። «ማናት ዜማውን የምታጣምመው?»

«እኔ ነኝ ጓድ» አለች እህቴ። «ድምፅ እየከፈልኩ ነው።»

ሊቀመንበሩ ጠጋ አላት።

«የማንን ድምፅ ነው የምትከፍዪው?»

እሷ የመዝሙር ጥያቄ የጠየቃት መስሏት «የሁሉንም» አለች።

በዚያ ዘመን ከሌባ የባሰ ስም ቢኖር «ከፋፋይ» ነው። ሰፊው ሕዝብ በአንድ ድምፅ በሚዘምርበት ሰዓት የሁሉን ድምፅ እከፍላለሁ ያለች ልጅ ምን ልትባል ነው? ሌሎቹን መዘምራን መክረውና አስፈራርተው ለቀቋቸው። እሷ ቀረች።

አባታችን ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። የሊቀመንበሩ ብስክሌት ደግሞ እሾህ እየፈለገ የሚነዳ ይመስል ጎማው ሁልጊዜ ይፈነዳል። አባባ የልጁን አሳሪ ጎማ እየለጠፈ ለመነው። ሰውየውም በአክብሮት መለሰለት፤ ልጅዎ ክፉ አይደለችም አለው፤ በስብሰባ ፊት ቆማ መዝሙሩን እንደ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ ለብቻዋ ትዘምር፣ ያኔ ትወጣለች። አባባ ይህን ሲነግረን እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን «አለቀልን» አልኩ። ያቺ ልጅ አንደኛ ድምፅ መቼ ታውቅና።

ማን ያስተምራታል? ወደ አጥሩ የሚጠጋ እኔ ብቻ ነኝ።

እናም በየቀኑ ምሳዋን አቀብዬ አጥሩን ተደግፌ የአብዮቱን መዝሙር አስነካው ጀመር። ዘበኛው ንቃተ ኅሊናዬን አደነቀ። መንገደኞች መንገድ ቀየሩ። እህቴ ከውስጥ ቀስ ብላ ትከተለኛለች፤ ሳታውቀው ወደ ሁለተኛው ስትንሸራተት ቆርቆሮውን በመዳፌ እመታና እንደገና እንጀምራለን። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ሳቋ መጣ። «አንተ» አለችኝ፣ «ይሄን ዜማ ወይ ግደለው፣ ወይ ተወው፤ አታሠቃየው።» ከታሰረች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

በስብሰባው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። እህቴ ከስታ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ወደ መድረኩ ወጣች። እንደ ዘመኑ ደንብ ግራ እጇን አንስታ ዘመረች። አንዲት ቦታ አልተሳሳተችም፤ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ አንደኛ ድምፅ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ?

ተፈትታ ቤት ገባችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሰነባብተው መዘምራን ጓደኞቿ መጡ፤ መስኮት ዘግተው በጣም የምትወደውን መዝሙር ጀመሩላት። አፏን ከፈተች። የወጣው አንደኛው ነው። አቋረጠችና እንደገና ሞከረች፤ አሁንም አንደኛው። «ሁለተኛውን ስፈልገው ያኛው ይቀድመኛል» አለችና ተነስታ ወጣች። ያኛው የምትለው በአጥሩ በኩል ያስለመድኳትን አንደኛ ድምፅ ነው። የእሷ ሁለተኛ ድምፅ የትም አልተጻፈም፤ በጆሮዋ ያወጣችው ነው፤ የሚያውቀው ሰው እሷው ብቻ ነበረች። እናቴ ጸለየች። አባባ የሚጠገን ነገር ቢያገኝ ይጠግን ነበር። እኔ ያለኝን ቀልድ ሁሉ አፈሰስኩ፤ ለእንግዳ እንደሚሳቅ ሳቀችልኝ፤ ከዚያስ አለመሳቋ ይሻል ነበር።

አንድ ቀን ጓሮ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። «አንተ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «እስቲ ሁለተኛውን ሞክረው።»

እኔ ሁለተኛ ድምፅ ብሞክር አብዮት ጠባቂ ብቻ ሳይሆን የእሳት አደጋ መኪናም ይመጣብናል አልኳት። አልሳቀችም።

«የአንተ ድምፅ እንደሆነ ዜማው ላይ አርፎ አያውቅም» አለች። «ምናልባት ሲስት ሁለተኛው ላይ ይወድቅ ይሆናል።»

ያን የምትወደውን መዝሙር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ዘመርኩ። እጇን ሳሙናው ውሃ ውስጥ እንደነከረች ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱ አይደለም» አለች።

ዝቅ አደረግኩት።

«እሱም አይደለም።»

ከፍ አደረግኩት፤ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ። ትክክለኛውን አላውቀውም፤ ከየት ነው የማመጣው? ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን አልገለጠችም፤ ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች።

«አይደለም» አለች። «ቀጥል።»