የአክስቴ እንሶስላ

አክስቴ ካረፉ ወዲህ መካነ ሰላም ካለው ግቢያቸው የሙቀጫ ድምፅ አይሰማም። ክረምቱ ሲወጣ የሰፈሩ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንሶስላ የምንሞቀው እሳቸው ዘንድ ነበር። የወቀጡትን ሥር እጃችን ላይ ለጥፈው በጉሎ ቅጠል እየጠቀለሉ፣ «እንሶስላ የሚያምረው በሠራ እጅ ላይ ነው» ይሉን ነበር።

እኔ ቀኝ እጄን በልጅነቴ እሳት ስለፈጀው ከነጠላዬ ሥር አላወጣውም ነበር። ለሠርጌም ከደሴ ነጭ ጓንት አስመጣሁ። በዋዜማው አክስቴ ጓንቱን አዩት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰው ጠባሳዬን እንዳያየው ነው፣ አክስቴ።»

«ይየዋ! ከእሳት የተረፈ እጅ ምን አጠፋ?» አሉና እጄን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ጠባሳው ቀለም ይቀበል አይቀበል እሳቸውም አያውቁም ነበር። ጧት ቅጠሉን ሲፈቱልኝ ግን እጄ ከነጠባሳው ቀልቷል።

ጓንቱን ትቼ ዳሱ ውስጥ ገባሁ። ሰው ሁሉ እጄን ሲያይ ከጀርባዬ ሸሸግሁት። አክስቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጄን ወደ ላይ ከፍ አደረጉና «እልል!» አሉ፤ ዳሱ በሙሉ ተከተላቸው። ያን ቀን የመጣውን እንግዳ ሁሉ በቀኝ እጄ ጨበጥሁ።