የመሰባሰብ ፍጥነት

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ሰዎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው እግራቸውን ወደ መሀል ዘርግተዋል። ሲሚንቶው ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ጠጥቶ ረጥቧል፤ ሽታው የላብና የበረኪና ነው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አንድ የአዲሱ ገበያ ባለሱቅ እግራቸውን ሰበሰቡልኝና «ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ። አብሽር፣» አሉኝ።

ከታክሲ ላይ ነው ያወረዱኝ። ጥፋቴ በስልክ አማርኛ ማውራቴ ነበር። በእንግሊዝኛ አውርቼ ቢሆን ዞር ብሎ የሚያየኝ አልነበረም።

የሒሳብ መምህር ነኝ። አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ የመመረቂያ ጥናቷን በዚያ ሳምንት አርብ ልታቀርብ ነበር። አባቷ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው፤ መጥተው ስለሚያዳምጡ መክፈቻውን እንኳ በሚገባቸው ቋንቋ ልትናገር ፈለገች። ስለዚህ ቃል ስንፈልግ ከረምን። ጥናቷ ሾጣጣ ቅርጽ ውስጥ የተሻለውን መልስ ስለመፈለግ ነው። የኒውተን ዘዴ ከአንድ ግምት ይነሳና ራሱን እያረመ ወደ መልሱ ይጠጋል፤ እሷ የምታጠናው በምን ፍጥነት እንደሚጠጋ ነው። የቅርጹን ጠርዝ «አጥር» አልነው፤ እያንዳንዱን እርማት «እርምጃ»፤ ግምቶቹ መልሱ ዙሪያ መከማቸታቸውን ደግሞ «መሰባሰብ»። በቃሎቻችን ኮርተን ነበር።

ታክሲው ውስጥ ደወለችልኝና እንዲህ አልኳት፦ «ከአጥሩ ውስጥ እንነሳለን። ግቡ አጠገብ ከደረስን በኋላ በየእርምጃው እጥፍ ነው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ከዚያ ወዲያ መሰባሰቡን የሚያቆመው የለም።» ያኔ ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይፈራራ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው መልእክት ልኮ ነው መሰለኝ፣ አዲሱ ገበያ ስንደርስ ፖሊሶች ይጠብቁኝ ነበር። ሲያወርዱኝ ስልኬ ወድቆ ደቀቀ።

«እርምጃ የሚወሰደው በማን ላይ ነው?» አለኝ መርማሪው። ድምፁ የማይጮህ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

«በግምቱ ላይ ነው። ሒሳብ ነው፣ የኒውተን ዘዴ።»

«ኒውተንን እኔም ተምሬዋለሁ። እንነሳለን ያልከው እነማን ናችሁ?»

«ሒሳብ ስንሠራ እኛ ነው የምንለው።»

«ሁለት፣ አራት፣ ስምንቱስ?»

«ትክክል የሆኑት አሃዞች ናቸው። በየእርምጃው ብዛታቸው እጥፍ ይሆናል።»

«የሚሰባሰቡትስ?»

«ቁጥሮች።»

ሳቀ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ራሴን አላምንም ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እሺ፣ ሒሳብ ይሁን። ያወራኸውን ሰው አምጥተን እንጠይቃለን። ቃላችሁ አንድ ከሆነ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። ስም ስጠኝ።»

ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ጥናቷን የምታቀርበው አርብ። ስሟን ከተናገርኩ ከቤቷ ያመጧታል። ባለሱቁም ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ ተብለው ነው የገቡት፤ እኔ ስመጣ ጺማቸው አድጎ ነበር። ፈራሁ።

«ስማቸውን አልናገርም፣» አልኩ።

«ስማቸውን» ያልኩት ሴት መሆኗ እንዳይታወቅ ነው። አማርኛችን ወንድ ይሁን ሴት ሳይለይ ስለ አንድ ሰው የሚወራበት አንድ መንገድ ትቶልናል፤ እሱም አንቱታ ነው። በዚያ በኩል ያመለጥኩ መስሎኝ የባሰ ገባሁበት። መርማሪው ቀና አለ።

«እሳቸው? ትልቅ ሰው ናቸው በለኛ!»

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ስለ እሳቸው ሆነ። ቢሯቸው የት ነው? ከጀርባቸው ማን አለ? የሚታዘዝላቸው ስንት ሰው ነው? በተውሶ ላፕቶፕ የምትሠራዋን ልጅ በአንድ ከሰዓት የድርጅት መሪ አደረግኳት።

ክፍሉ ስመለስ ነገሩን ለባለሱቁ ነገርኳቸው። ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«የሞተ ሰው ስም ስጣቸውና ተገላገል።»

«አባባ፣ የሞተውም እኮ ልጆች ይኖሩታል።»

የውኃ ጠርሙሳቸውን አቀበሉኝ።

ሐሙስ እንደገና ተጠራሁ። ቃሌ ተጽፎ ቀረበልኝ፦ «የግብረ አበሬን ስም፣ እሱን ለመደበቅ ስል፣ አልናገርም» ይላል።

«ይህን አልፈርምም።» እስክሪብቶውን ወደ እሱ መለስኩ። «ግብረ አበር የለኝም። እሱም አላልኩም፤ እሳቸው ነው ያልኩት። እንደተናገርኩት ይጻፉልኝ።»

«ምን ይጠቅምሃል?»

ምንም አይጠቅመኝም። እንዲያውም «እሱ» ቢባል ይሻለኝ ነበር፤ ትልቁ ሰውዬ ተራ ሰው ይሆንልኛል። ግን እስከዚያች ሰዓት አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ስለ እሷም ያወራሁት በአክብሮት ነው። ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም።

«እንደተናገርኩት ይጻፉልኝ፣» አልኩ እንደገና።

ተነስቶ መጣ። በጥፊ ይለኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሱ ግን ወረቀቱን ከፊቴ ስቦ መስመሩን ሰረዘና «ያነጋገርኳቸውን ሰው ስም አልናገርም» ብሎ ጻፈ።

«ይህን ከፈረምክ ትቆያለህ።»

«እቆያለሁ፣» ብዬ ፈረምኩ።

አርብ ቀኑን ሙሉ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሴት ድምፅ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። አልመጣችም። በሌላው ሳምንት፣ የተደወለልኝን ቁጥር ከቴሌ አስመጥተው አጣርተው ይሁን ሰልችቷቸው፣ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ብቻዬን ስለምኖር መታሰሬን የሰማ አልነበረም። ከሰፈር ሱቅ ስልክ ለምኜ ደወልኩላት።

«ቲቸር፣ አለፍኩ እኮ! አባቴ እንኳን ሥራውን ጥሎ መጣ። እርስዎ ግን ቀሩ።»

«አሞኝ ነበር።»

«ታዲያ በሰው መላክ ያቅታል?» አለችና ዘጋችው። በዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት ለእሷ ነው።

ዛሬ እሷም መምህር ናት። ስንገናኝ ሰላምታዋ አጭር ነው፤ አያመኝም አልልም። ብነግራት በአንድ ቀን እንደምንታረቅ አውቃለሁ። ባለፈው ግን የጉለሌ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጣ፣ ሳታየኝ፣ ስለ እርምጃና ስለ መሰባሰብ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ጮክ ብላ፣ በአማርኛ፣ አንዴም ወደ ኋላዋ ሳትዞር። ብነግራት ከዚያ ወዲያ ባወራች ቁጥር ወደ ኋላዋ ትዞራለች።

ታኩርፈኝ።