ወደ የጋራው ከረጢት የገባው ክኒን

ከሱቄ የወሰዱኝ ሐሙስ ከምሳ በፊት ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የተናገርኩት ነገር እንዳለ ነገሩኝ፤ አልካድኩም። ሱቁን ቆልፌ ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጠሁና ተከተልኳቸው።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መስኮት የሚባለው ሁለት ጡብ የሚያህል ቀዳዳ ነው። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው የድሮው የሽንኩርት ሽታ ከግድግዳው እየወጣ ዓይን ያቃጥላል። ከእኔ ጋር ሠላሳ አንድ ሆንን።

ቦታ የለቀቀልኝ ከአዳማ ዱከም የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ወጣት ነው፤ ግን ፀጉሩም ቅንድቡም ረግፎ ነበር።

«ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ» አለኝ። «ትርፍ ጭነናል፤ ግን አይስጉ፣ ትራፊኩም አብሮን ነው።»

እውነትም ጥግ ላይ አንድ የታሰረ ትራፊክ ፖሊስ ተቀምጦ ነበር። «ወጥቼ እንዳላገኝህ» አለው ትራፊኩ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሹፌሩ የንፍፊት ካንሰር ነበረበት። ከታዘዘለት ስድስት ዙር ኬሞ አራቱን ጨርሶ አምስተኛውን ሲጠብቅ ነው የታሰረው። ይህንን የነገረኝ የመኪናውን ብልሽት እንደሚናገር ሰው ነው።

የዚያ ክፍል ደንብ ጥሩ ደንብ ነበር። ከቤት የሚመጣ ስንቅ ሁሉ በአንድ ላይ ይቀርባል፤ ጠያቂ ያለውም የሌለውም እኩል ይበላል። መድኃኒትም እንደዚያው ነው። የራስ ምታቱም የሆድ ቁርጠቱም ክኒን በአንድ የጨርቅ ከረጢት ይቀመጣል፤ አንድ ኃላፊ ለታመመ ያድላል። በሁለተኛው ሳምንት ከረጢቱን ለእኔ ሰጡኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው። አንድ አሮጌ የጤና ረዳቶች መማሪያ ደጋግሜ አንብቤ ነበርና እንደ አዋቂ ይቆጥሩኝ ጀመር። እኔም ራሴን እንደዚያ ቆጠርኩ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ የሚያርመው አስተማሪ የለውም።

የሹፌሩ ሚስት ማክሰኞ ማክሰኞ ከምግቡ ጋር ክኒን ትልክለት ነበር። ትልልቅ ነጭ ክኒን ነው፤ ኮትሪሞክሳዞል የሚባል ጀርም ገዳይ። ከእኔ በፊት የነበረው ኃላፊ ይህን ለሹፌሩ ለብቻው ይተውለት ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ክፍሉ ውስጥ ሳል ገብቶ ነበር፤ ከአርሲ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደረታቸውን ይዘው ነበር የሚያድሩት። ከረጢቱ ውስጥ ለሳል የሚሆን ነገር አልነበረም።

ሹፌሩን ጠራሁትና በሰው ፊት ጠየቅሁት።

«ይህን ለምን ትወስዳለህ?»

«እንዳያመኝ ብለው ነው ያዘዙልኝ፣ ጋሼ።»

«አሁን ያተኩስሃል? ያስልሃል?»

«የለም።»

«እንግዲያው ያልታመመ ሰው የታመመ ሰው መድኃኒት እየዋጠ ነው።»

ሊያስረዳኝ ሞከረ። የካንሰሩ መድኃኒት በሽታውን ሲመታ የሰውነትንም ዘበኛ አብሮ ይመታዋል፤ ነርሷ እንደነገረችው ይህ ክኒን ዘበኛው እስኪያገግም የሚቆም ምትክ ዘበኛ ነው። ሌላውን ሰው የማይነካ ጀርም እሱን ግን ሳንባውን ይዞ ሊጥለው ይችላል። እኔ ግን መልስ ነበረኝ። ጀርም የሚገድል መድኃኒት ያለ በሽታ ከተወሰደ ጀርሙ ይለምደዋል ብዬ ካነበብኩት ጠቀስኩለት። ያነበብኩት እውነት ነው። ለእሱ ግን የተጻፈ አልነበረም። በዚያም ላይ ስለ ማካፈል ረጅም ምክር ጨመርኩበት፤ ልጆቼን በምመክርበት ድምፅ።

ሰዎቹ ሁሉ ያዩት ነበር። ክኒኑን በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«እርስዎ ካሉ ይሁን» አለ።

ለገበሬው ሰጠኋቸው። በአራተኛው ቀን ሳላቸው በረደና እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ የመጣውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ የመጣውንም ወደ ከረጢቱ አስገባሁ። ሚስቱ ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ ከበሩ የሚያልፈው ሳህኑ ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሹፌሩ ደረቅ ሳል ጀመረው። መጀመሪያ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ያለከልክ ነበር፤ ከዚያ ተቀምጦም ያለከልክ ጀመር። አንድ ጠዋት ለቆጠራ ስንነሣ እሱ አልተነሣም። ግንባሩን ስነካው እንደ ቆርቆሮው ግሏል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ዶክተሩ ካተኮሰህ ወዲያው ና ብሎኝ ነበር» አለኝ። በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ይስብ ነበር።

በሩን ደበደብን። ተረኛው መኮንን መዝገብ ይዞ መጣ። እስረኛ ወደ ሐኪም ሲወጣ ምክንያቱ ይጻፋል። መድኃኒቱን ይወስድ እንደነበር ጠየቀ።

«ትቼው ነበር» አለ ሹፌሩ። «በራሴ ነው የተውኩት።»

መኮንኑ መጻፍ ጀመረ። እኔ ዝም አልኩ። ምን ያህል ዝም እንዳልኩ አላውቅም፤ እስክሪብቶው አንድ መስመር ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር አይቻለሁ። ልጆቼን ስለዋሹ ቀጥቻለሁ። ያቺ መስመር ስትጻፍ ግን አንድ የታመመ ልጅ ስለ እኔ ሲዋሽልኝ ደስ ያለው ሰው ነበርኩ።

ከዚያ «ውሸቱን ነው፤ የነጠቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝ። «አባት፣ ሌላ ክስ አማረዎት?»

«ይጻፉት። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንዳልወሰደ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።»

የክኒኑን ስም፣ ያቆመበትን ማክሰኞ፣ ስሜን አስጻፍኩና ፈረምኩ። ወረቀቱ ከእሱ ጋር ይሂድልኝ ብዬ ለመንኩ፤ መኮንኑም ግልባጩን ለሚወስዱት ፖሊሶች ሰጠ። በብርድ ልብስ ሲያወጡት ትራፊኩ በአንድ በኩል ይዞት ነበር።

ክስ አልጨመሩብኝም። ከረጢቱን ግን በዚያው ቀን አስረከብኩ፤ ክፍሉም እንድይዘው አልለመነኝም።

ከተፈታሁ በኋላ አፈላልጌ ቤቱ ሄድኩ። በሕይወት አለ፤ እሱንም ፈትተውታል። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ሳንባውን የያዘውን ጀርም ወዲያው እንደጠረጠረ፣ ያንኑ መድኃኒት በብዙ እጥፍ በደም ሥር እንደሰጡት ሹፌሩ ነገረኝ። የቀረው ኬሞ ግን ሁለት ወር ተጓተተ። ሳንባውም እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ሚኒባሱን ዛሬ ወንድሙ ነው የሚነዳው። የሆነው ሁሉ በእኔ ምክንያት ነው ወይስ ያለዚያም የሚመጣ ነበር ብዬ አንድ ሐኪም ጠይቄያለሁ። እሱም በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ነገረኝ። በዚህ መልስ አልተጽናናሁም።

ልጆቼ ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ ለብዙ ጊዜ የነገርኳቸው የተደረገብኝን ብቻ ነው። ያደረግሁትን የምጽፈው አሁን ነው።

ያን ቀን ሹፌሩ «ጋሼ፣ እርሱት፤ ያለፈ ነው» እያለ ሊሸኘኝ ሲነሣ ሚስቱ አስቀመጠችውና እሷ እስከ በር ድረስ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። አልተቆጣችም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

«ማክሰኞ ማክሰኞ በሩ ላይ ስሰጥ» አለች፣ «ፖሊሶቹ እንዳይወስዱበት ነበር የምፈራው። ውስጥ ያላችሁትን አልፈራሁም።»