የጉደር መንገድ ሰላምታ

ዛሬ ሯጮች በደጄ ስለሚያልፉ ብርቱካን እየላጥኩ ነው፤ ሽታው ግን አላስቀምጥ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ እህቴ ጫልቱ ውድድር ገብታ ነበር፤ አምቦ ዋኝታ፣ ጉደር ድረስ ብስክሌት ነድታ፣ በሩጫ ትመለሳለች። እኔና አያታችን ብርቱካን ልጠን መንገድ ዳር ጠበቅናት። አያታችን ከሩቅ፣ ከሸነን የመጡት ለእሷ ነው። በሩጫው ሁለተኛ ሆና ብቅ ስትል እሳቸው መሀል አስፋልት ገቡ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ? እናትሽስ? ትምህርትስ?»

ጫልቱ ቆመች። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች፤ እያለከለከች አንድ በአንድ መለሰችላቸው።

«አባባ፣ ይልቀቋት፤ እየቀደሟት ነው» ብዬ ኮታቸውን ጎተትኩ።

«ከሸነን መጥቼ ሰላም ሳልላት ትለፍ?» አሉኝ።

ጫልቱ ያን ቀን ከፍቷት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ይኸው አንዲት ሯጭ እየመጣች ነው። ብርቱካኑን ይዤ ብድግ አልኩ፤ ሰላም ልበላት ወይስ ላሳልፋት ሳልወስን አጠገቤ ደረሰች።