ግጥም መላሿ

ምሥራች! ሳጥን ቁጥር አሥራ ሰባት ባለቤት አገኘ፤ ያውም ስሟ በትልቁ ተጽፎ! የማን አትሉም? የታይፒስቷ ነዋ! ያቺ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቱ ቢሮ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ያንን ከባድ የጽሕፈት መኪና ስትቀጠቅጥ የኖረችው። ጣቶቿ ከመጠንከራቸው የተነሣ ጎረቤት ሁሉ አልከፈት ያለውን ጠርሙስ ይዞ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ባለቅኔ ነበር። ሲሞት ወረቀቱን በሙሉ ቤተ መዛግብቱ ወሰደው፤ ረቂቁን፣ ደብዳቤውን፣ ጀርባው ላይ ስንኝ የሞነጫጨረበትን የመድኃኒት ማዘዣ ሳይቀር። ወረቀቱን እንዲለይላቸው የጠሩት ግን የመጽሔቱን አራሚ ነው። እሷን ማንም አላስታወሳት። ወሬውን ያበሰራት ራሱ አራሚው ነበር፤ ደውሎ፣ «ጓንት አልብሰው ነው የሚያስነኩኝ» አላት።

ቅናት መቼም በር አያንኳኳም፤ ዘው ነው። «ጓንት!» እያለች ሳህን አጠበች፣ «ጓንት!» እያለች አንሶላ አጠፈች። በማግስቱ ሹራቧን ደርባ ቤተ መዛግብቱ ሄደች።

አራሚው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ አድርሶ፣ እንደ ቀዶ ሐኪም ነጭ ጓንቱን ግጥም አድርጎ ተቀምጧል። መዝገብ ያዧ ወጣት ከአንድ ደብዳቤ የካርቦን ቅጂ ላይ ታነብለታለች።

«"ግጥምህ ቤት ይመታል፤ በር ስለሌለው ግን መግባት አቃተኝ።" እንዴት ያምራል! ከሥሩ ያለው የባለቅኔው ስም ነው፤ አነጋገሩ ግን የእሳቸው አይመስለኝም። እርስዎ ይሆኑ እንዴ፣ ጋሼ?»

አራሚው ጢሙን ዳበስ አድርጎ ፈገግ አለ።

አንጀቷን ያሳረራት ያ ፈገግታ ነው። ግጥም ለላኩት ሰዎች የተመለሱትን ደብዳቤዎች የጻፈቻቸው እሷ ናታ! ባለቅኔው ሰው ማስቀየም አይሆንለትም ነበር። የማይታተመውን ግጥም ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርጎ፣ «በይ እቴ፣ አንድ ነገር በይልኝ» ይልና ይሸሻል። ያለችውንም ሳያነብ ይፈርማል። አሁን ዝም ካለች ያ ሁሉ ቃሏ በዚህ ሰውዬ ስም ሊመዘገብ ነው።

«ልጄ፣ መጨረሻውን አንብቢው» አለች፣ ወንበር እንኳ ሳትስብ።

«"ሠላም ሁን" ይላል፣ እትዬ።»

«በየትኛው ሰ?»

ልጅቷ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «በ… በንጉሡ።»

የአራሚው ፈገግታ ረገፈ። «እስቲ አምጪው! በንጉሡ?» ሁለተኛውን ደብዳቤ አየ፣ ሦስተኛውን አየ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት አርባውም በንጉሡ ናቸው። «ስሚኝ ልጄ፣ እኔ የለሁበትም! ሰላም የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው። እንዲህ ከምጽፍ እጄን ይቁረጠው! ይሄ የእሷ ሥራ ነው። ስንት ዓመት ለመንኳት!»

«እና ሰላምን እሳት ውስጥ ልክተታት?»

«ፊደል ነው እንጂ ምድጃ ነው እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ!»

መዝገብ ያዧ በሳቅ ፍርስ አለች። እምባዋን ጠርጋ አዲስ ወረቀት አወጣችና የታይፒስቷን ስም ከነአባቷ ጽፋ ሳጥን ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ለጠፈችው።

ደስ አላት? አላት እንጂ! ግን ደስታው ጉሮሮዋን ሳያልፍ አንገቷን ሰገግ አድርጋ መደርደሪያውን ቃኘች።

«የእሱ የእርማት ወረቀት ስንት ሳጥን ሞላ?»

«ሁለት፣ እትዬ።»

«ሁለት?»

ይኸው አሁን አልጋዋ ሥር ተንበርክካ የቀረ ቅጂ ካለ ብላ ካርቶን ትበረብራለች። እኔም ልሩጥ እባካችሁ፤ የአራሚው ሚስት ገና አልሰማችም፣ እሱ ገልብጦ ሳይነግራት ልቅደመው!