«አሞኛል» ያሉት ሽማግሌ

ወታደሮች ሰቆጣ ከቢሮዬ ሲወስዱኝ ገና ረፋድ ነበር። መኪናው ላይ ሳልወጣ አፌን በሰደፍ መቱኝ። ያስገቡኝ የቀድሞ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም፣ ቆርቆሮው ቀን ይግላል፣ ጥጉ ሽንት ሽንት ይላል። ደም እየተፋሁ ስገባ ጠጋ ብለው ቦታ የለቀቁልኝ አንድ የደሃና ወረዳ ገበሬ ናቸው፤ ሽማግሌ። ታጣቂ አብልተሃል ተብለው ነው የተያዙት።

ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። ቁራሹ ይወድቅባቸዋል፣ ንግግራቸው ይጎተታል። የኤችአይቪ መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ካጣ ወራት አልፈዋል። ጠባቂዎቹ ግን አማርኛ የማይችል መስሎ ከምርመራ ሊያመልጥ ነው ይሏቸዋል። አብሮን የታሰረ አንድ የሰቆጣ ዙሪያ ሰው በኽምጣኛ አነጋገራቸውና በእናታቸው ቋንቋም ቃል እየጠፋቸው መሆኑን ነገረኝ።

አንድ ጠዋት ለቆጠራ ቁሙ ተባልን። ሽማግሌው ከወገባቸው ቀና ብለው ወደቁ። የጥበቃው ኃላፊ ጎናቸውን በጫማው ረገጠ፤ ቀጥሎ ጀርባቸውን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፈ። ልከልላቸው ስጠጋ ሌላው ክንዴን በዱላ መታኝ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ፣ «እያስመሰልኩ ነው በል፤ እተውሃለሁ» አላቸው።

«ይበሉት፣ አባቴ» አልኳቸው።

ከንፈራቸው ብዙ ታገለ።

«አሞኛል» አሉ።

ግርፋቱ ቀጠለ።

በማግስቱ ቆጠራው ሲደርስ ሽማግሌው መቀመጥም አልቻሉም። የሰቆጣ ዙሪያው ሰው አጠገባቸው እንደተቀመጠ ቀረ። እኔም አልተነሣሁም፤ ሌሎቹም አልተነሡም። አልተማከርንም። ሁላችንንም ደበደቡን፤ ወለሉ በደማችን ያዳልጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ የመጣ አንድ አለቃ ያን ሁሉ ቁስለኛ አይቶ ሐኪም አስጠራ። ሽማግሌውን በቃሬዛ አወጧቸው።

ከተፈታሁ በኋላ ደሃና ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ተርፈዋል። ትልቁ ሆስፒታል የነገራትን ሴት ልጃቸው አጫወተችኝ፦ እጃቸውንና ንግግራቸውን የያዘው በብዙ ሰው ገላ ተኝቶ የሚኖር ቫይረስ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሣና አንጎል ይጎዳል። እሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ያተረፋቸው የኤችአይቪውን መድኃኒት መልሰው መጀመራቸው ነው። እጃቸው ግን እንደሞተ ቀርቷል።

ስሜን ሊጠሩ ሞክረው ቃሉ ያዛቸው። ልጃቸው ልትረዳቸው ስትል በግራ እጃቸው ዝም በይ አሏት። ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጠሩኝ።

ዛሬም ሰው ንግግር ሲያዝበት ቃሉን አልጨርስለትም። እጠብቀዋለሁ።