አትስቴና የአጥንቱ መርፌ

የድንገተኛ ክፍሉ ሰው ሁሉ «አትስቴ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆና ስትሠራ መርፌዋ ደም ስር ስቶ አያውቅም ስለሚባል ነው። ስቶ ያውቃል፤ ማን ቆጥሮት! ብቻ ሌላው አምስቴ ወግቶ ያቃተውን ክንድ እሷ በጓንት ቁራጭ ታስረውና፣ ዓይኗን ጨፍና በሌባ ጣቷ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አንዴ ትወጋለች። ደሙ ብቅ ሲል ዶክተሩ ሳይቀር «ተባረኪ» ይላታል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያቺ «ተባረኪ» ነበረቻት። ሰው ከዚያ ባነሰም ነገር ይኮራል።

አንድ ጊዜ ለሥልጠና ተላከች። አሠልጣኙ የፕላስቲክ እግር ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት እያሳየ፣ «ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ደም ስሩ ይጠፋል። አጥንት ግን የትም አይሄድም፤ በመቅኔው የገባ ፈሳሽ ወዲያው ከደም ይቀላቀላል። ሁለቴ ሞክራችሁ ካልሆነ ጊዜ አትፍጁ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው!» አለ። አትስቴ በመጀመሪያው ሙከራ አስገባችው። ስድስት መርፌና የፕላስቲኩን እግር አሸክመው፣ ለባልደረቦቿ እንድታስተምር አደራ ብለው መለሷት።

ስድስቱንም ከነእግሩ ቁም ሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከተተቻቸው። ቁልፍ የለውም፤ ግን ያልተማረውን ማን ደፍሮ ይነካል?

ቀጮ የምትባለው ነርስ ብቻ አላስቀምጥ አለቻት። «ሲስተር፣ የተማርሽውን መቼ ነው የምታሳዪን?»

«እኔ እያለሁ የማንን አጥንት ልትበሺ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ቀጮ በሳምንቱም፣ በወሩም ጠየቀች፤ አትስቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ነገሩ ሌላ አልነበረም፣ ቅናት ነበር። አጥንቱን ሁሉም መውጋት ከቻለ የእሷን ጣት ማን ይጠራል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አትስቴ እረፍት ነበረች። እህቷ ቤት ስትቀይር ልታግዛት ሄዳ ፍራሽ እያወረደች ነው፤ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ከብርድ ልብሱ ስር። አምስተኛው ጥሪ ላይ ሰማችው።

«ሲስተር፣ የሁለት ዓመት ልጅ ናት። ሦስት ቀን ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ከርሞ አሁን አመጧት። ዓይኗ ጎድጉዷል። ዘጠኝ ጊዜ ወጋሁ፣ ደም ስር የለም! ዶክተሩ አንቺን ጥሩልኝ ይላል» አለች ቀጮ።

«አጥንቷን ውጊ!» ለማለት አፏ ድረስ መጣላት። ግን በየት በኩል፣ እንዴት አድርጌ ብትላትስ? ዶክተሩም መርፌውን አይቶት አያውቅም። «መጣሁ» ብላ ታክሲ ውስጥ ዘላ ገባች። መንገዱ ተዘጋጋ። አርባ ደቂቃ ፈጀባት።

እየሮጠች ገባች። ከቁም ሳጥኑ አንዱን መርፌ አወጣች፣ ከልጅቷ ጉልበት ዝቅ ብሎ ያለውን ቆዳ ጠረገች፣ ተጭና አዞረችው። እጇ ላይ ለቀቅ ሲል ተሰማት፤ ገብቷል። ፈሳሹ ያለ አንዳች ችግር ወረደ። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ልጅቷ ግን ደቂቃው የሚጠቅማት ሰዓት አልፎ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ደረቷን ሲጫኑ ቆዩና ዶክተሩ «በቃ» አለ።

እናትየዋ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነቻት። መጥታ የአትስቴን እጅ ያዘችና ሳመችው። «አንቺ ከጠዋቱ ብትኖሪ ልጄ ትተርፍ ነበር። እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺስ ታግለሻል» አለች። ከዚያ ወደ ቀጮ ዞራ፣ «አንቺ ግን ልጄን ወንፊት አደረግሻት። እጅሽ ይቆረጥ!»

ቀጮ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። አትስቴ «እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ዶክተሩ አለ፣ ጽዳቷ አለች፣ የሚያውቋት ሁሉ ቆመዋል። አፏን መልሳ ዘጋችው። በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም፤ ያም ሆኖ አልተናገረችም።

ኮሪደሩ ላይ ቀጮ ተከትላት መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች፤ «እረፍትሽን አበላሸሁብሽ።»

«ምንም አይደል» አለቻት አትስቴ።